ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የሚሥሉ ልጆች ለምን አይግባቡም?

የሳቢያኗ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ አንድ አጸደ ሕፃናት ውስጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል የሚገቡ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ። ልጆቼ ዝምተኞች አይደሉም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ያወራሉ ቢባል ይቀላል። ችግሩ አንዱ የተናገረውን ሌላው የሚረዳው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሁለት አድርጌ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጥኳቸውና፣ አንደኛው ቤት፣ ዛፍና ፀሐይ ያለበትን ቀላል ሥዕል እያየ እንዲናገር፣ ሁለተኛው ደግሞ የሰማውን ብቻ ይዞ እንዲሥል አደረግሁ።

አንዱን ጥንድ ብቻ ልግለጽላችሁ። ተናጋሪዋ ልጅ «ዛፉን እዚህ ጋ አድርገው፤ ከዚያ እንትኑን እዚያ ጋ» እያለች ወረቀቷን በጣቷ ትጠቁማለች። ጀርባውን የሰጣት ልጅ ጣቷን ሊያይ እንደማይችል ፈጽሞ አልታሰባትም። እሱም በበኩሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ ዝም ብሎ ይሥላል፤ አንድም ጊዜ «የት ጋ?» ብሎ አልጠየቀም። በመጨረሻ «ፀሐይዋን ቤቱ ላይ አድርጋት» አለችው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የእሱ ፀሐይ እንደ ውኃ ሮቶ ጣሪያው ላይ ጉብ ብላለች። «አልሰማኸኝም!» አለችው፤ «አልነገርሽኝም!» አላት፤ ሁለቱም አለቀሱ። የሌሎቹም ጥንዶች ውጤት ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው የጥንድ ሥራ ለዚህ ዕድሜ ከአቅም በላይ ነውን? ወይስ አሠራሬ ላይ ስሕተት አለ? በክፍሌ ካሉት 42 ልጆች ብዙዎቹ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ስለሚናገሩ፣ ችግሩ ከቋንቋው ይሆን ብዬም አስቤያለሁ። ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የከዚራው ጡረተኛ፦

የተከበሩ መምህርት፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለዚያ ልጅ ጥብቅና ልቁምለት፤ ፀሐይዋን ያስቀመጠው በታዘዘበት ቦታ ነው። በቋንቋችን «ላይ» የሚለው ቃል ለሚነካካውም ለማይነካካውም ነገር ያገለግላል። ድመት ጣሪያ ላይ ትወጣለች፤ አሞራም ከተማ ላይ ያንዣብባል። እኛ አዋቂዎች ፀሐይ ሰማይ ላይ እንደምትውል ስለምናውቅ ከቃሉ የጎደለውን ከዕውቀታችን እንሞላለን። ልጁ ግን ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰደው። ልጅቷ «ከቤቱ በላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ ቤቱን ሳትነካው» ብትለው ኖሮ ፀሐይዋ ከቦታዋ አትናወጥም ነበር። ይህን ስሕተት እንደ መክሸፍ ሳይሆን እንደ ትምህርቱ መጀመሪያ ይውሰዱት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ሥዕል ለመጀመሪያ ቀን ከባድ ነው፤ ልጁ የሚነገረውን ከማዳመጥ ይልቅ እርሳሱን ከመቆጣጠር ጋር ይታገላልና። እኔ በማስተምርበት ዘመን በቆርኪ ነበር የምጀምረው። ለእያንዳንዱ ልጅ ቀለማቸው የተለያየ አምስት አምስት ቆርኪ፣ የአንዱ ከሌላው ጋር ተመሳሳይ አድርገው ይስጡ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ግርዶሽ ያቁሙ። አንደኛው ቆርኪዎቹን እንደፈለገ ይደረድራል፣ ከዚያ በቃሉ ብቻ ለጓደኛው ይናገራል፣ ጓደኛውም ያንኑ ድርድር ለመሥራት ይሞክራል። ሲጨርሱ ግርዶሹ ይነሣል። ይህች ግርዶሹ የምትነሣባት ቅጽበት ከመምህሩ ማብራሪያ ሁሉ ትበልጣለች፤ ልጁ ንግግሩ የት እንደደረሰ በዓይኑ ያያል፤ መፍረድም የመምህሩ ሥራ መሆኑ ይቀራል።

ልጆቹን ግን ጀርባ ለጀርባም ሆነ ፊት ለፊት አያስቀምጧቸው። ፊት ለፊት የተቀመጡ ልጆች የአንዱ ቀኝ ለሌላው ግራ ይሆንባቸዋል፤ ቀኝና ግራቸውን ገና በእጃቸው እያሰቡ የሚለዩ ልጆች ደግሞ ከዚህ ግራ መጋባት ሊወጡ አይችሉም። ትከሻ ለትከሻ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ፣ ካርቶኑን በመካከላቸው አድርገው ይቀመጡ። ያኔ የአንዱ «በስተቀኝ» ለሌላውም «በስተቀኝ» ይሆናል።

ሌላው ከቋንቋችን ጠባይ የሚመጣ ነገር ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ተናጋሪው «ቀዩን ቆርኪ…» ሲል አድማጩ ቀዩን ይዞ ይበራል፤ «…ከሰማያዊው በስተግራ አስቀምጠው» የሚለው ሲደርስ ቆርኪው ቀድሞ ተቀምጧል። ከዚህም የባሰ አለ፤ «ቀዩን ቆርኪ እንዳታነሣው» ሲባል አሉታው ያለው በመጨረሻዋ ቃል ውስጥ ስለሆነ፣ አድማጩ ቆርኪውን አንሥቶ ይጠብቃል! ስለዚህ አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፦ ተናጋሪው እስኪጨርስ የአድማጩ እጆች ከጭኑ ሥር ይሆናሉ፤ በእነሱ ላይ ይቀመጥባቸዋል። ልጆቹ ይህን ሕግ እንደ ጨዋታ ይወዱታል፤ የማዳመጥ ትዕግሥትም ከዚህ የተነሣ ሲመጣ አይቻለሁ።

«እንትን» ለሚለው ቃል ደግሞ መድኃኒት አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን አድማጩ እርስዎ ይሁኑ፤ ልጆቹ ሁሉ ተናጋሪ ይሁኑ። «እንትኑን አንሣው» ሲሉኝ እኔ ጫማዬን አወልቄ አነሣ ነበር። ክፍሉ በሣቅ ይናጋል፤ ከዚያ «ጫማውን አይደለም፣ ቆርኪውን!» ይላሉ። «የትኛውን ቆርኪ?» እላለሁ። «ቀዩን!» «የት ላድርገው?» እንዲህ እንዲህ እያልን አንዲት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንሠራለን። አዋቂ ሰው የልጅን «እንትን» ገምቶ የሚረዳለት ከሆነ፣ ልጁ ትክክለኛውን ቃል የሚፈልግበት ምክንያት የለውም።

ለ42 ልጆች በአንድ ጊዜ አይሞክሩት፤ ጫጫታው ራሱ ግርዶሽ ይሆንባቸዋል። ስምንት ጥንድ ብቻ ጠዋት፣ የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ያውጡና ሌሎቹን ረዳትዎ ፊደል ያስጽፏቸው።

ሥነ ልቦና ያጠናሁ፦

ጡረተኛው መምህር በልምድ የደረሱበት ነገር በምርምርም የታየ ስለሆነ፣ ጥቂት ልጨምር። በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ክራውስና ግሉክስበርግ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ልክ እንደዚህ ያለ ጨዋታ አዘጋጅተው ነበር። ሁለት ልጆች በመካከላቸው ግርዶሽ ተደርጎ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ስም የሌላቸው እንግዳ ቅርጾች የተሣሉባቸው ተመሳሳይ ኩቦች ይሰጧቸዋል፤ ተናጋሪው በሚናገረው ቅደም ተከተል አድማጩ ኩቦቹን በእንጨት ላይ ይሰካቸዋል። ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት ልጆች ቅርጾቹን ለራሳቸው ብቻ በሚገባ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ለምሳሌ አንዱን ቅርጽ «የእማዬ ባርኔጣ» ሊለው ይችላል፣ ጓደኛው ግን የዚያን ልጅ እናት ባርኔጣ አያውቅም። የሚያስገርመው፣ ልጁ ራሱ የሰጠው መግለጫ መልሶ ሲነገረው የትኛው ቅርጽ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ልጁ ቃል አጥቶ አይደለም፤ የጓደኛው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ካለው የተለየ መሆኑን ገና አላጤነውም።

«አልሰማኸኝም» የሚለውም ክስ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ ኤልሳቤጥና ፒተር ሮቢንሰን በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ 5 ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች መግባባት ሲከሽፍ ጥፋቱን በአድማጩ ላይ ይጥላሉ፤ መልእክቱ ጎደሎ ሊሆን እንደሚችል የሚገነዘቡት ከፍ እያሉ ሲሄዱ ነው። ተመራማሪዎቹ በኋላ በቤት ውስጥ የተቀረጹ የእናቶችና የልጆች ንግግሮችን ሲመረምሩ፣ አዋቂዎች ልጁ የተናገረው ሳይገባቸው ሲቀር በአብዛኛው «ምን?» ይላሉ ወይም ይገምታሉ እንጂ፣ «ይህን ስላልነገርከኝ አልገባኝም» ብለው በግልጽ የሚናገሩት ከስንት አንድ ጊዜ መሆኑን አዩ። እንዲህ በግልጽ የተነገራቸው ልጆች ጥፋቱ ከመልእክቱ ሊሆን እንደሚችል በመረዳት ከሌሎቹ ቀድመው ተገኙ።

ስለዚህ ለመምህርቷ የምሰጠው ምክር አንድ ነው። ሁለቱ ልጆች ሲካሰሱ «አትጣሉ» ብለው አያልፉት። «ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ የተቀመጠችው፣ ቤቱን ትንካው አትንካው ስላልተነገረው ነው» ብለው ምክንያቱን በቃል ያስቀምጡት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በተደጋገመች ቁጥር ሥራዋን ትሠራለች።

አድማጩ ስላለመጠየቁም፣ ኤለን ማርክማን በ1977 ባሳተመችው ጥናት፣ የመጀመሪያ ክፍል ልጆች ዋናው ነገር የጎደለው መመሪያ ተሰጥቷቸው «ገባችሁ?» ሲባሉ፣ ጉድለቱን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ለመሥራት ሲሞክሩ ነበር። «እሺ፣ እሺ» ያለው ልጅዎ አልዋሸም፤ የገባው መስሎታል። የእጅ ሥራ ያለበት ጨዋታ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የቋንቋውን ጉዳይ በተመለከተ፣ በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም የሚሰጥ እንደመሆኑ፣ ልጆቹ ቋንቋ መቀላቀላቸው አያስጨንቅዎት። በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ ጨዋታውን መጀመሪያ ከቋንቋ ባልንጀራው ጋር ቢጫወት፣ ጥያቄ የመጠየቁን ልማድ ይዞት ወደ አማርኛው ይሻገራል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሆን ብለው ያቀላቅሏቸው፤ የማይጋሩት ቃል ያለበት ጥንድ ለመጠየቅ እውነተኛ ምክንያት ያገኛል።

የጁገል እናት፦

እኔ መምህርት አይደለሁም፤ ሐረር ውስጥ አራት ልጆች ያሳደግሁ ነኝ። የተጻፈውን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ከመላኳ በፊት «የላኩሽን ድገሚልኝ» ትለን ነበር፤ ሳንደግም ደጃፉን አናልፍም። አንድ ቀን እኔ ይህን ረስቼ ሴት ልጄን «ሳሙና አምጪ» ብዬ ላክኋት። ልብስ ዘፍዝፌ ስጠብቅ የገላ ሳሙና ይዛ መጣች። ልቆጣት አፌን ስከፍት «እማዬ፣ የልብስ ነው የገላ አላልሽም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ መላኩን ራሱን የጥንድ ጨዋታ አድርጌዋለሁ፦ ለታላቁ ብቻ እነግረዋለሁ፤ እሱ ለታናሹ ያስረዳል፤ ሱቅ የሚሄደው ታናሹ ነው። የመጣው ዕቃ ትክክል ካልሆነ ሁለቱም አብረው ይመልሳሉ። ታላቁ አሁን አሁን «ሁለት፣ ቢጫውን፣ ትንሹን» ሳይል አይልከውም።

የመንገድም ነገር አለ። እንግዳ ሰው ከሸዋ በር ገብቶ ወደ ፈረስ መጋላ መንገድ ሲጠይቅ፣ የሰፈራችን ልጆች በአገጫቸው እየጠቆሙ «በዚያ ነው» ይሉታል። የጁገልን ጠባብ መንገድ ለሚያውቅ ሰው «በዚያ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ በየአሥር እርምጃው ይታጠፋልና። ልጆቼን በሁለት ከፍዬ «እጅ ሳታነሡ ወደ አክስታችሁ ቤት ንገሩኝ» ስላቸው መጀመሪያ አቃታቸው። ከዚያ አረንጓዴውን በር፣ የልብስ ሰፊዎቹን ድምፅ፣ የመስጊዱን ግንብ መጥቀስ ጀመሩ።

ደግሞስ እንቆቅልሽን ለምን ረሳችሁት? «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ብለን ያደግንበት ጨዋታ ራሱ ጥንድ ጨዋታ ነው። አንዱ ልጅ በፌስታል ውስጥ የተደበቀ ነገር በእጁ እየዳሰሰ ይናገር፤ «ክብ ነው፣ ይበላል» ይላል። ጓደኛው «እንጀራ» ይላል፤ አይደለም። «ብስኩት»፤ አይደለም። ያኔ ተናጋሪው «ይላጣል፣ ውስጡ ውኃ አለው» ብሎ ይጨምራል፤ ብርቱካን ሆኖ ይገኛል። ያቃተው አገር ይሰጣል፤ የሚሰጠውን አገር መምረጥ ለልጆቹ ከብርቱካኑ ይበልጥ ይጣፍጣቸዋል።

ከፋይ ወላጅ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና የተለየ ሐሳብ አለኝ። ልጄን ወደ አጸደ ሕፃናት የምልከው ፊደልና ቁጥር እንዲማር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ቆርኪ ሲደረድር ከርሞ አንደኛ ክፍል ማንበብ ሳይችል ቢገባ ማን ይጠየቃል? መነጋገርንስ ከእኛው ከቤት ይማር የለምን? ሌላም አለ፤ ልጅ አዋቂን «አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ» እያለ መልሶ መላልሶ ሲጠይቅ እኛ ባደግንበት ሥርዓት ድፍረት ይባላል።

የከዚራው ጡረተኛ፦

ወንድሜ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ጨዋታው ግን በቀን ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ፊደሉ ቦታውን አይለቅም። እንዲያውም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በቆርኪው ፈንታ የፊደል ካርዶችን ማስገባት ይቻላል። «ለ»ን ለጓደኛው «ሁለት እግር ያለው» ብሎ የገለጸ ልጅ፣ «ሰ» እና «በ»ም ሁለት ሁለት እግር እንዳላቸው ሲያይ፣ ልዩነታቸውን ለመናገር የፊደሎቹን ቅርጽ በዓይኑ መመርመር ይገደዳል። ከመቶ ጊዜ ጽሕፈት የማይገኝ ምርመራ ነው።

ስለ ድፍረቱ ያነሡትን ግን በቀላሉ አላልፈውም። እኔም ያደግሁት «ገባህ?» ስባል «አዎ» ማለት ጨዋነት ነው ተብዬ ነው። በዚህ ምክንያት ያልገባኝን ሒሳብ እንደ ገባኝ አድርጌ ስንት ዓመት ተሸከምኩት። የጥንድ ጨዋታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የሚጠይቀው እኩያውን እንጂ ታላቁን አይደለም፤ ማንም አይደፈርም። ለታላቅ ደግሞ «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም፤ ቢደግሙልኝ» ማለትን አብሮ ማስተማር ይቻላል፤ አክብሮቱም ጥያቄውም አንድ ላይ ይሄዳሉ።

የሳቢያኗ መምህርት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ስለሞከርኩት የሆነውን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤታችን ኃላፊ መጀመሪያ ቆርኪዎቹን ሲያዩ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ነበር፤ ከዛፉ ሥር ቆመው አንድ ዙር ከተመለከቱ በኋላ ግን ካርቶን ራሳቸው አመጡልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት በጫማዬ አለፈ። አሁንም «እንትን» ያለ ልጅ ሁሉ እግሬን ነው የሚያየው። በሁለተኛው ሳምንት እነዚያ ያለቀሱትን ሁለት ልጆች ሆን ብዬ እንደገና አጣመርኳቸው። ልጅቷ «ቀዩን ቆርኪ ከሰማያዊው ቀጥሎ አድርገው» አለችው። እጆቹ ከጭኑ ሥር ነበሩ፤ ጥቂት ቆየና «በየት በኩል ቀጥሎ? በግራ ነው በቀኝ?» አላት። እሷም ካርቶኑን ትኩር ብላ አየችና «በበሩ በኩል» አለች። ቀኝና ግራ አምልጧት ለሁለቱም የሚታየውን የግቢውን በር መረጠች። ከዚያ እሱ በገዛ ፈቃዱ «ጥርሱ ወደ ላይ ነው ወይስ የተደፋ ነው?» ሲል ጠየቀ። ይህን እኔ አላስተማርኩትም፤ ቆርኪ ሁለት ገጽታ እንዳለውም ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ካርቶኑ ሲነሣ አምስቱም ልክ ሆነው ተገኙ፤ በጩኸታቸው የጎረቤት ሰው ብቅ ብሎ አየን።

በሦስተኛው ሳምንት ቋንቋውን ሳቀላቅል ደግሞ አንዱ ልጅ «ዲማውን አንሣ» አለ። ጓደኛው «ዲማ ምንድን ነው?» ሲለው ዙሪያውን ተመለከተና «የቲማቲም መልክ» ብሎ መለሰለት። አሁን ክፍሉ ግማሹ ቀዩን ቆርኪ «ዲማ» ይለዋል።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ቀርቷል። ሁልጊዜ «ገባኝ» የምትል፣ አድማጭ ስትሆን አንድም ጥያቄ የማትጠይቅ ዝምተኛ ልጅ አለችኝ። ጓደኛዋ ሲሳሳት እንኳ ጥፋቱን ራሷ ላይ ትወስዳለች። ምን ላድርግላት?

የከዚራው ጡረተኛ፦

ለተናጋሪው አስቀድመው በጆሮው «አንዱን ቆርኪ ሳትነግራት ዝለለው» ይበሉት፤ ለእሷ ደግሞ «አንድ ነገር ይደብቅብሻል፤ ጠይቀሽ ያዢው» ይበሏት። መጠየቅ ያልገባው ሰው ምልክት መሆኑ ይቀርና የሌባና ፖሊስ ጨዋታ ይሆንላታል። ሁለት ሦስት ቀን ከያዘችው በኋላ መደበቁን ይተዉትና ይመልከቷት። ጥንዷም ከእሷ ይበልጥ ተናጋሪ ያልሆነ ልጅ ቢሆን ይመረጣል።